«ቆሻሻ» ብለን ከመጣላችን በፊት

በዚህ ወር የምናወጋችሁ ከጓዳ ትርፍራፊ ስለሚሠራ ባቡር ነው።

በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን፣ ከአያት በመገናኛ አድርጎ ወደ ጦር ኃይሎች የሚዘልቀውን ቀላል ባቡር የየካ ልጆች ያውቁታል። ከብስኩት ካርቶን ፉርጎ፣ ከለስላሳ ቆርኪ ጎማ፣ ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ጭራሮ የጎማ ዘንግ መሥራት አያቅታቸውም። እኛ የምንጨምርላቸው ልኬት ነው።

1 ሜትሩን በ3 ሳንቲሜትር እንመትር። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ባቡር የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ስለነበር፣ በፉርጎው ግራና ቀኝ ጎማዎች መካከል 3 ሳንቲሜትር ይሆናል። የቀላል ባቡሩ ሐዲድ ግን 1.435 ሜትር ነው፤ 4.3 ሳንቲሜትር ይመጣል። ልጆቹ ሁለቱንም ሠርተው ሲገፏቸው፣ የድሮው የለገሃር ፉርጎ በአዲሱ ሐዲድ ላይ ለምን እንደማይሄድ በእጃቸው ይረዱታል። ከሱቅ የተገዛ መጫወቻ ይህን አያስተምርም።

ቆርኪውን በምስማር መብሳት የትልቅ ሰው ሥራ ነው፤ ጠርዙ እጅ ይቆርጣል። የቀረውን ለእነሱ እንተውላቸው። ቤት ስናጸዳም አልጋ ሥር ያከማቹትን ከመጣላችን በፊት እንጠይቃቸው፤ ነገ የሚገጠም ፉርጎ ይሆናል።

ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ወር እንገናኛለን።