ስምን መልአክ ያወጣዋል፤ ቴብልንስ?

«ቴብሉን ኦርደር በለው፤ ካስቸገረህ በትእምርተ ጥቅስ ክተተው።» ዳታቤዝ መንደፍ የጀመረ ሰው ይህን ምክር ሳይሰማ አይቀርም። ኦርደር፣ ግሩፕ፣ ዩዘር ኤስኪውኤል ለራሱ ሥራ የያዛቸው ቃላት ናቸው። ምክሩ ለዕለቱ ያስኬዳል፤ ዕዳው ግን የሚወድቀው በኋላ በሚመጣው ሰው ላይ ነው።

ፖስትግሬስ ላይ ዩዘር የተባለ ቴብል በጥቅስ ተከቶ ተፈጠረ እንበል። አሥር ሺህ ደንበኛ ተመዘገበበት። አንድ ባልደረባ ጥቅሱን ረስቶ በዩዘር ውስጥ ስንት ረድፍ እንዳለ ቢጠይቅ መልሱ 1 ነው። የስህተት መልእክት የለም። ያለ ጥቅስ ዩዘር ማለት ለፖስትግሬስ «አሁን የገባው ማን ነው?» ማለት ስለሆነ፣ የቆጠረው የጠያቂውን የራሱን መግቢያ ስም ነው። ሪፖርቱ አለቃ ጋ ከደረሰ በኋላ ማን ያርመዋል?

ጥቅሱም ቢሆን አንድ ዓይነት አይደለም። ፖስትግሬስ ድርብ ጥቅስ ይፈልጋል፤ ኤስኪውኤል ሰርቨር ካሬ ቅንፍ ይወዳል፤ ማይኤስኪውኤል ደግሞ ወደ ግራ ያዘመመችውን ጭረት። ማይኤስኪውኤል ካልተነገረው በቀር ድርብ ጥቅስን እንደ ተራ ጽሑፍ ያነበዋል። ስለዚህ ራንክ የተባለን ኮለም በድርብ ጥቅስ ብትጠሩት፣ በየረድፉ «ራንክ» የሚለውን ቃል ራሱን ይመልስላችኋል።

«ፍሬምወርኩ ጥቅሱን ራሱ ያስገባልኛል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ያስገባል። ሌሊት ሲስተም ሲቆም በእጅ የሚጻፈውን ኩዌሪ ግን ፍሬምወርኩ አይጽፈውም።

«ብዙ ቁጥር አድርጌ አመልጣለሁ» የሚሉትም ሙሉ በሙሉ አላመለጡም። ከግሩፕ ሸሽተው ግሩፕስ ያሉትን ማይኤስኪውኤል 8.0 ደረሰባቸው፤ ግሩፕስንም ራንክንም ከተያዙት ቃላት ጨመራቸው። በ5.7 ያለ ጥቅስ ሲሠራ የነበረ ኩዌሪ ወደ 8.0 ሲሻገር ወደቀ። ዝርዝሩ ያድጋል፤ አንድ ቃል ብቻውን የቆመ አጠቃላይ ስም በሆነ መጠን ነገ የመያዝ ዕድሉ ይሰፋል።

መፍትሔው ርካሽ ነው፦ ስሙ የያዘውን ነገር ይናገር። ኦርደር ሳይሆን የደንበኛ ትእዛዝ፣ ራንክ ሳይሆን የተማሪ ደረጃ፣ ዴት ሳይሆን የተከፈለበት ቀን። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ለቴብል ግን መልአክ አይላክለትም። ስም አውጪው እናንተ ናችሁና፣ ክሪኤት ቴብል ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት የተያዙትን ቃላት ዝርዝር አንድ ጊዜ ተመልከቱ።