ብረት ገባ ማለት ዳነ ማለት አይደለም

ክረምት ሲገባ ጭቃው፣ እርጥቡ ደረጃና ሊሾው ወለል ብዙ ሰው ይጥላል። ዛሬ ስለ ቁርጭምጭሚት ስብራት ቀዶ ሕክምና፣ በተለይም ቤተሰብ ስለሚፈተንባቸው ሳምንታት እናወጋለን።

ስብራት ሁሉ ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም። አጥንቱ ከቦታው ካልሸሸና መገጣጠሚያው ካልላላ ጀሶ ይበቃዋል። ከሸሸ ግን ሐኪሙ አጥንቱን አስተካክሎ በብረትና በብሎን ያስረዋል። ቁርጭምጭሚት መላ ሰውነታችንን ተሸካሚ ስለሆነ ተዛብቶ ከገጠመ የዕድሜ ልክ ሕመም ሊያተርፍ ይችላል።

የመጀመሪያው ፈተና መጠበቅ ነው። ሐኪሙ «እብጠቱ ይቀንስ» ብሎ ቀዶ ሕክምናውን አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ሊያቆየው ይችላል። ይህን እንደ ቸልታ ቆጥረው በሽተኛውን ወደ ወጌሻ የሚወስዱ ቤተሰቦችን በሥራ ዘመኔ አይቻለሁ። ተወጥሮ ያበጠ ቆዳ ከተቀደደ ቁስሉ አልገጥም ይላል፣ ያመረቅዛል። ቆዳው ሸብሸብ ሲል ነው ጊዜው የሚደርሰው። ያበጠ እግር በቀርከሃ ጠብቆ ሲታሰር ደግሞ የደም ዝውውሩ ይታፈናል፤ ስብራቱ ያላስቆረጠውን እግር ማሰሪያው ያስቆርጠዋል። አጥንቱ ቆዳ ቀዶ ከወጣ ወይም እግሩ ከቀዘቀዘ ግን አንድ ሰዓትም ሳትቆዩ ሆስፒታል አድርሱት።

ሁለተኛው ፈተና ቤት ውስጥ ነው። ብረቱ አጥንቱን ደግፎ ያቆያል እንጂ የሚገጥመው አጥንቱ ራሱ ነው፤ ለዚህም አብዛኛውን ጊዜ 6 ሳምንት ያህል ይፈልጋል። ስኳር ያለበት ሰው ከዚያም በላይ ይቆያል። መርገጥ የሚፈቅደው ራጁን ያየው ሐኪም ብቻ ነው። እናት ግን ጠያቂ በመጣ ቁጥር «ኖር!» ብላ ልትነሳ ትሞክራለች። ልጆች፣ እንግዳውን በር ላይ ተቀብላችሁ ንገሩት፤ እሷም ተኝታ፣ እግሯ በትራስ ከልቧ በላይ ከፍ ብሎ ታስተናግድ። በርጩማ ላይ ተቀምጦ እግርን አንጠልጥሎ ቡና መጠጣት እብጠቱን ያብሰዋል።

መኝታዋን ወደ መጸዳጃ ቤት አቅርቡ፤ ቁጢጥ ማለት ስለማትችል ፖፖ ወይም መሃሉ የተበሳ ወንበር አዘጋጁ። የክራንቹ ጎማ ማለቅ አለማለቁን እዩ። ደረጃ ሲወጣ ጤነኛው እግር ይቀድማል፤ ሲወረድ ክራንቹና የታመመው እግር ይቀድማሉ።

እነዚህን ካያችሁ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ወደ ሐኪም ሂዱ፦ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከደነዘዙ፤ ሕመሙ በማስታገሻ ካልበረደና ከባሰ፤ ቁስሉ ከመገለ ወይም ትኩሳት ከመጣ፤ ባቷ ካበጠና ካመማት። በድንገት ትንፋሽ ካጠራት ወይም ደረቷን ከወጋት የረጋ ደም ወደ ሳንባ ሄዶ ሊሆን ይችላልና አትዘግዩ።

መርገጥ ሲፈቀድ ደግሞ ፍርሃት ይመጣል። ያልተንቀሳቀሰ ቁርጭምጭሚት ይደርቃል፤ ፊዚዮቴራፒስቱ ያሳየውን እንቅስቃሴ በየቀኑ አሠሯት። በወጌሻ ማሳሸት ግን አይተካውም። ወደ ወትሮ ሥራ ለመመለስ ከ3 እስከ 6 ወር ይፈጃል፤ ማታ ማታ ማበጡ እስከ ዓመት ሊቆይ ይችላል፣ አያስደንግጣችሁ። ብረቱም ካላስቸገረ ዕድሜ ልክ ቢቀመጥ ችግር የለውም።

ሐኪሙ የሚሠራው ለሰዓታት ነው፤ የቀሩት ወራት የእናንተ ናቸው። ሳምንት ሰው ይበለን!