የሚገድለው ቤቱ ነው

በታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ሌሊት እኔ የምኖርበት የለቡ ፎቅ ሲወዛወዝ፥ ጎረቤቶቼ ልጆቻቸውን ታቅፈው በጨለማው ደረጃ እየተጋፉ ወረዱ። ወርደንም የቆምነው ከግንቡ ጥግና ከኤሌክትሪክ ሽቦው ሥር ነበር። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የት መቆም እንደሚገባ የሚያውቅ አልተገኘም፤ ተማርሁ ባዩ እኔም ጭምር። ሲነጋ «እግዚአብሔር አወጣን» ተባብለን ወደየሥራችን ሄድን። ምስጋናው የተገባ ነው፤ ነገሩን በምስጋና ብቻ መዝጋታችን ግን የተገባ አይመስለኝም።

መንቀጥቀጡ የመጣው ከፈንታሌና ከዶፋን አካባቢ ነበር። ልኩ 6 ሊሞላ ጥቂት ቀረው፤ በየካቲት 7 ቀን ግን 6 ደረሰ። በዚያ ወራት በአፋርና በኦሮሚያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ቀያቸውን ለቀቁ። ከለቡ ጣቢያ ተነሥቶ ወደ ጅቡቲ የሚጓዘው ባቡር በመተሐራና በአዋሽ የሚያልፈው በዚያው በኩል ነው። እንግዲህ ሩቅ አገር አይደለም።

«አዲስ አበባ ከስምጥ ሸለቆው ውስጥ አይደለችም» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ያለችው ግን ከአፋፉ ላይ ነው፤ ፍል ውኃም ከመካከሏ የሚፈላው ያለ ምክንያት አይደለም። በነሐሴ 1898 ዓ.ም. ከላንጋኖ በኩል የተነሣው ታላቅ መንቀጥቀጥ ከተማዋን አስደንግጧል። በ1953 ዓ.ም. ደግሞ በደሴ መንገድ ላይ ያለችው ካራቆሬ ስትጎዳ፥ ማጀቴ ፈጽማ ፈርሳለች። ያን ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ ፎቅ የሚባለው በጣት የሚቆጠር ነበር። ዛሬ ከለቡ እስከ ጀሞ ፎቅ በፎቅ ላይ ተደርድሯል፤ ከሥሩም በብዙው ቦታ መረሬ አፈር ነው።

የሌሎችን አገሮች ታሪክ እንመልከት። የሞሮኮዋ አጋዲር በየካቲት 1952 ዓ.ም. የመታት መንቀጥቀጥ ልኩ 6 አልሞላም፤ ይሁንና መነሻው ከሥሯ ስለ ነበረና ቤቶቿም ደካሞች ስለ ነበሩ ከአሥር ሺህ በላይ ሰው አለቀ። በ2002 ዓ.ም. ሄይቲን የመታው 7 ሲሆን የሞተው ሰው ከመቶ ሺህ በላይ ነው። በዚያው ዓመት ቺሌን የመታው 8.8 ነበር፤ ኃይሉ በመቶዎች እጥፍ ሲበልጥ፥ የሞተው ግን አምስት መቶ ያህል ሰው ብቻ ነው። ልዩነቱ ምንድን ነው? ቺሌ በደንብ መሥራትን ተምራ ነበር።

እኛስ ደንብ የለንም? አለን። ስለ መሬት መንቀጥቀጥ የሚናገር የሕንፃ ደንብ እ.ኤ.አ. በ1995 ወጥቷል፤ በ2015ም ታድሷል። የሕንፃ አዋጅም በ2001 ዓ.ም. ታውጇል። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ለዚሁ ጥናት ከመረጣቸው ዘጠኝ የዓለም ከተሞች አንዷ አዲስ አበባ ነበረች። የጎደለን ወረቀት አይደለም፤ ወረቀቱን ወደ ፌራዮው እጅ የሚያደርስ ሰው ነው።

«ድኻ አገር ይህን አይችልም» የሚለውን ምክንያት አልቀበልም። ስታፋው በምሰሶው ራስና እግር እንዲቀራረብ፥ ጫፉም ወደ ውስጥ እንዲታጠፍ፥ ኮንክሪቱም በሚገባ ውኃ እንዲጠጣ ማድረግ ጥቂት ፌሮና ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ ሀብት አያስጨርስም። ምድር ቤቱን ለሱቅ ሲሉ ግድግዳ አልባ አድርጎ ሌላውን ፎቅ ሁሉ በቀጭን ምሰሶ ላይ መጫን ግን ሬሳ ማዘጋጀት ነው።

ይህን ማውራት ሕዝብን ማሸበር ነው ይባላል። ሕዝብን የሚያሸብረው አለማወቅ ነው። ስለዚህ ማኅበራችን ሦስት ነገር እንዲያደርግ አሳስባለሁ። አንደኛ፥ ማታ ማታ በቁልፍ የሚዘጉ የመኝታ ቤቶቻችን በሮች ከውስጥ ያለ ቁልፍ እንዲከፈቱ ይጠይቅ። ሁለተኛ፥ የምሕንድስና ተማሪዎች በክረምት ዕረፍት ከመምህራኖቻቸው ጋር በየሠፈሩ እየዞሩ አደገኛ ሕንፃዎችን ይመዝግቡ፤ ዝርዝሩም ለክፍለ ከተማው ይሰጥ። ሦስተኛ፥ እያንዳንዳችን ለሠፈራችን ሰው እናስተምር፤ ምድር ስትናወጥ በደረጃ መሮጥ ሳይሆን ከጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ራስን ከልሎ መቆየት፥ ጸጥ ሲል ሽቦና ግንብ ወደሌለበት ሜዳ መውጣት እንደሚሻል። ለዚህም የቀሩት ጥቂት ሜዳዎች እንዳይታጠሩ መሟገት ያስፈልጋል።

መንቀጥቀጡ ቀን ቆርጦ አይመጣም። እኛ ግን ቀን ልንቆርጥለት እንችላለን፤ የማኅበራችን የሚቀጥለው ስብሰባ ቢሆን ምን ይለዋል?

ከለቡ፥ አንድ ተማሪ