«ኳስ ተምሮ መጣ» የተባለው ልጅ

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ቡና አስቀርባችሁ አንብቡት።

ዘንድሮ ለጥምቀት አገር ቤት ገብቼ ነበር። ፍኖተ ሰላም አድሬ፣ በማግሥቱ ወደ ፈረስ ቤት ወጣሁ። እህቴ ቤት ገብቼ ገና ጋቢዬን ሳላወልቅ እንዲህ አለችኝ፦ «ወንድምዓለም፣ እስኪ አንተ የተማርከው ንገረኝ። ኳስ ለመጫወት አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ይገባል እንዴ?»

ልጇ በስፖርት ማኔጅመንት ተመርቋል። የመውጫ ፈተናውንም አልፏል። ቤት ከተቀመጠ ግን ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ለትራንስፖርት፣ ለልብስ፣ ለኪስ እየተባለ ሁለት ወይፈን ተሸጦለታል። ጎረቤቱ «ኳስ ተምሮ መጣ» ይለዋል። እሱም ቀን ድንች ሲኮተኩት ይውላል፣ ማታ ኔትወርክ ካለ በስልኩ የሥራ ማስታወቂያ ሲያይ ያመሻል።

«የት የት አመለከትህ?» አልኩት።

«አጎቴ፣ አንቱም ይቀልዱብኝ ጀመር? ስፖርት ጽሕፈት ቤት ክፍት መደብ የለም። ባንኮች የማርኬቲንግ ባለሙያ ሲፈልጉ ‹በማርኬቲንግ ማኔጅመንት ወይም በተመሳሳይ የትምህርት ዘርፍ የተመረቀ› ይላሉ። ‹ተመሳሳይ› የተባለው ውስጥ ደግሞ እኔ የለሁም።»

ይህች የመጨረሻዋ ቃል ናት ይህን እንድጽፍ ያደረገችኝ። እኔ «አለህበት» ባይ ነኝ። ለምን እንደምል ላስረዳ።

መጀመሪያ ትምህርቱ ምን እንደሆነ እንተዋወቅ። በእኛ አገር በስፖርት ሳይንስ ጥላ ሥር ስለሚሰጥ፣ ብዙ ሰው ከሰውነት ማጎልመሻ መምህርነት ለይቶ አያየውም። ተማሪው የሚማረው ግን ውድድር ማዘጋጀት፣ በጀት መያዝ፣ ሜዳና ስታዲየም ማስተዳደር፣ ቲኬት መሸጥ፣ ስፖንሰር ማፈላለግ፣ ውል መዋዋልና ከሚዲያ ጋር መሥራት ነው። አመጣጡም ከገበያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 የዶጀርስ ቤዝቦል ክለብ ባለቤት ዋልተር ኦማሌ ጀምስ ሜሰን ለሚባል የዩኒቨርሲቲ መምህር ደብዳቤ ጻፈ። ስታዲየምና ውድድር ማስተዳደር የተማረ ሰው ከየት ይገኛል የሚል ጥያቄ ነበር። ሜሰን ሐሳቡን ይዞ ቆይቶ በ1966 ኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው የስፖርት አስተዳደር የማስተርስ ፕሮግራም እንዲከፈት አደረገ። ትምህርቱን የወለደው «ሰው የሚወደውን ነገር የሚሸጥልኝ ሰው አጣሁ» ያለ ነጋዴ ነው ማለት ነው።

«ይህ የአሜሪካ ነው፣ እኛ አገር የታለ?» ትሉኝ ይሆናል። ታላቁ ሩጫን እዩት። ኅዳር 1994 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሲካሄድ ተሳታፊው 10,000 ነበር፤ ያሸነፈውም ራሱ ኃይሌ ገብረሥላሴ ነው። ዛሬ የተሳታፊው ቁጥር ከ40,000 በላይ ሆኗል፣ የአንድ ትልቅ የነዳጅ ኩባንያም ስም ተያይዞለት ነበር። አብዛኛው ተሳታፊ ለማሸነፍ አይሮጥም። የገዛው ቲሸርቱንና ከጓደኞቹ ጋር የሚያሳልፈውን እሑድ ነው። መንገዱ የመንግሥት ነው፣ እግሩ የራሱ ነው፤ ይህንን ሰው ተሰልፎ ገንዘብ ከፍሎ እንዲመዘገብበት ማድረግ ማርኬቲንግ ካልሆነ ማርኬቲንግ ምን ሊሆን ነው?

እግር ኳሱም እንዲሁ። በ2013 የውድድር ዘመን ፕሪምየር ሊጉ በዲኤስቲቪ መተላለፍ ሲጀምር የአንድ አወራራጅ ድርጅት ስም ከሊጉ ስም ፊት ተለጠፈ። በዚያው ዓመት ዋንጫውን የወሰደው ፋሲል ከነማ ማልያው ላይ ዳሸን ቢራን ይዞ ነበር። ኢትዮጵያ ቡና ከሐበሻ ቢራ ጋር ሠርቷል። ቅዱስ ጊዮርጊስንና ስመ ሞክሼውን ቢራ የማያውቅ የለም። እዚህ ላይ አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ፦ የኳሳችን ገንዘብ በብዛት ከቢራና ከውርርድ መምጣቱ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያስወጣ ክለቦቹ ከባድ ጥያቄ ላይ ወደቁ። ከቢራ ሌላ ለማን እንሸጥ? ይህን ጥያቄ የሚመልስ የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ፈረስ ቤት ድንች እየኮተኮተ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ሐሳቤ ልግባ። እኛ አገር ስፖርትና ነጋዴ የሚገናኙት «ድጋፍ» በምትባል ቃል ነው። እኔ ራሴ ጥፋተኛ ስለሆንኩ የራሴን ልንገራችሁ። ወጣት ሳለሁ እዚያው ፈረስ ቤት የበዓል ውድድር ኮሚቴ ውስጥ ነበርኩ። ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ይዘን በየሱቁ እንዞራለን። «ወጣቱን ከአልባሌ ቦታ ለማራቅ» የሚል ዓረፍተ ነገር አይቀርም። አንድ ባለሱቅ ያለውን አውጥቶ ሰጠን። ኳስና መረብ ገዛን፣ ተጫወትን፣ ዋንጫ ሰጠን፣ ተበተንን። ሰውዬውን ማንም ተመልሶ «ገንዘብህ ይህን ሠራ» አላለውም። በዓመቱ ደብዳቤያችንን ይዘን ስንሄድ ገና ከሩቅ ሲያየን መዝጊያውን ገርበብ አደረገ። ያን ጊዜ «ስስታም ነው» ብለን አማነው። ዛሬ ሳስበው ስስታሞቹ እኛ ነበርን። ከእሱ ወስደን ምንም አልሰጠነውም።

ድጋፍ ምጽዋት ነው፤ ስፖንሰር ግን ንግድ ነው። ድጋፍ የሚጠይቅ ሰው ስለራሱ ችግር ያወራል። ስፖንሰር የሚፈልግ ሰው ስለ ነጋዴው ጥቅም ያወራል። ለአንድ ነጋዴ «ሜዳው ላይ ይህን ያህል ሰው ይመጣል፣ አብዛኛው ከገጠር ቀበሌ ለገበያ የመጣ ገበሬ ነው፣ ስምህ እዚህና እዚህ ይታያል፣ ከውድድሩ በኋላ ፎቶና ሪፖርት አመጣልሃለሁ» ብሎ የሚነግረው ሰው ማርኬቲንግ እየሠራ ነው። ይህንን ደግሞ የእህቴ ልጅ ተምሮታል። የጎደለው የተማረውን በራሱ ሰፈር ሠርቶ ማሳየት ብቻ ነው።

አንድ ምሳሌ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1984 የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ከመደረጉ በፊት ሞንትሪያል በ1976ቱ ጨዋታ የገባችበት ዕዳ ከተሞችን ሁሉ አስፈርቶ ነበር። የሎስ አንጀለሱ አዘጋጅ ፒተር ዩበሮት የስፖንሰሮችን ቁጥር አሳነሰ። በአንድ የሸቀጥ ዓይነት አንድ ድርጅት ብቻ አስገባ። የለስላሳ መጠጥ አንድ፣ የፊልም አንድ። ተፎካካሪ እንዳይቀድማቸው ሁሉም ዋጋ ከፍ አደረጉ፤ ውድድሩ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ አተረፈ። ይህ ብልሃት ፍኖተ ሰላም ላይ አይሠራም ያለ ማነው? ሃያ ሱቅ ዞሮ ከእያንዳንዱ መቶ መቶ ብር ከመለመን፣ «የግብርና ዕቃ መሸጫ አንድ ብቻ፣ ካፌ አንድ ብቻ፣ ፋርማሲ አንድ ብቻ» ብሎ መደራደር ይሻላል።

ዕቃውም ሞልቶናል። ቡሬ የምግብ ዘይት ፋብሪካና የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። ምርታቸውን የሚገዛው ገበሬና ከተሜ በዓል ሲሆን አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ኳስ ብቻም አይደለም። የከተማችን ስም ፈረስ ቤት ነው። ጎረቤቶቻችን አገዎች በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ የፈረሰኞች ማኅበር አላቸው፤ በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ በዓሉን ሲያከብሩ አገር ይመጣል። ሆቴሉ ይሞላል፣ ቴሌቪዥኑ ይቀርጻል። እኛም በጥምቀት ጉግስ እንጫወታለን፤ ግን ከዳገቱ ማዶ ያለ ሰው አይሰማም። ዳሞት ፈረስ አንሶት አይደለም። ታሪኩን የሚሸጥለት ሰው ስላጣ ነው።

አንድ ነገር ግን እንዳልዋሽ። ዲግሪው ብቻውን ማርኬተር አያደርግም። የማርኬቲንግ ተመራቂ የዋጋ አተማመንን፣ የገበያ ጥናትንና የሥርጭት ሥራን ጠልቆ ተምሯል፤ የስፖርት ማኔጅመንቱ ልጅ ይህን አንብቦ መሙላት አለበት። ኤክሴል መሥራት፣ ጥርት ያለ አንድ ገጽ ፕሮፖዛል መጻፍ፣ ፎቶና ቪዲዮ ማቀናበር ግድ ነው። በዚህ ላይ መንገድ ይዘጋል፣ ኔትወርክ ይጠፋል፣ ሰው መሰብሰብ የማይቻልበት ወቅት አለ። ይህን የማላውቅ አይምሰላችሁ። ሆኖም ሜዳው ሰላም በሆነባት በአንዲት ሳምንት የተሠራች ትንሽ ውድድር፣ ከነሪፖርቷ፣ ቤት ተቀምጦ ከሚላክ ሃምሳ ማመልከቻ ትበልጣለች። ቀጣሪ «ምን ሠርተሃል?» ሲል የምትወጣ ወረቀት ናት።

ለቀጣሪዎችም አንድ ቃል አለኝ። የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ «ተመሳሳይ» ብላችሁ ጽፋችሁ ሲመጣ አትመልሱት። ስፖንሰር አፈላልጎ ውድድር አዘጋጅቶ ያስጨረሰን ልጅ ቢያንስ ለፈተና አስቀምጡት። ዩኒቨርሲቲዎችም ተመራቂውን ለልምምድ ወደ ስፖርት ጽሕፈት ቤት ብቻ አትላኩት። ባንክ፣ ፋብሪካ፣ ማስታወቂያ ድርጅት ላኩት። ወላጆች ደግሞ «ኳስ ተማረ» የምትለዋን ተዉልኝ። ልጅ ከማስታወቂያው ቀድሞ በእናቱ አፍ ነው የሚወድቀው።

ከመመለሴ በፊት ከእህቴ ልጅ ጋር አንድ ማታ ቁጭ ብለን አንድ ገጽ ጻፍን። ለማን እንደወሰደው ገምቱ። ያኔ መዝጊያውን ገርበብ ላደረገብን ባለሱቅ ነው፤ አሁን ልጆቹ ናቸው የሚሠሩት። ባለፈው ሳምንት ደወለልኝ። ገንዘብ አልሰጡትም። ለአንድ ቡድን ሙሉ ማልያ እንገዛለን ብለዋል፤ ግን ጀርባው ላይ የሱቁ ስልክ ቁጥር እንዲጻፍ፣ ለፋሲካው ውድድርም ሌላ የግንባታ ዕቃ ሻጭ እንዳይገባ ጠይቀዋል።

«አጎቴ፣ ተከራከሩኝ እኮ!» አለኝ እየሳቀ።

እኔም ደስ ያለኝ እሱ ነው። ለምጽዋት ማንም አይከራከርም። እናቱን ስልኩን ስጣት አልኩት። «አሁንም ኳስ ነው የተማረው?» አልኳት። «እስኪ ማልያው ይምጣና አየዋለሁ» አለች። የጎጃም ሰው አይደለች!

ተመርቆ ቤት የተቀመጠ ልጅ ያለው ዘመድ ካላችሁ ይህን አስተላልፉለት። የምትቃወሙኝም ካላችሁ ጻፉልኝ፣ አነባለሁ። ቸር እንሰንብት።