መፈተኛ ላይ ጨዋ፣ መንገድ ላይ ዋልጌ

የሞተር ኮምፒዩተር ቁጥሮችና የባለአክሲዮኖች ዕዳ

ሰኞ ሴፕቴምበር 21 ቀን 2015 የፍራንክፈርት አክሲዮን ገበያ ሲከፈት የቮልክስዋገን አክሲዮን የያዘ ሁሉ ለመሸጥ ይጣደፍ ነበር። በዚያ ቀን ብቻ ዋጋው ከአምስት እጅ አንድ እጅ ያህል ወረደ። ማክሰኞም ያንኑ ደገመው። በሁለት ቀን ውስጥ የኩባንያው ዋጋ አንድ ሦስተኛ ገደማ ተነነ። ፋብሪካ አልተቃጠለም፣ ሠራተኛ አድማ አልመታም፣ ጦርነትም አልተነሣም። የተገኘው ጉድ በመኪናው ውስጥ በተደበቀች አንዲት ትንሽ ሣጥን ውስጥ የተጻፉ ቁጥሮች ነበሩ።

የመኪና ነጋዴ ስለ ሞዴል ዓመት፣ ስለ ኪሎ ሜትርና ስለ ሊብሬ ይጠይቃል። ባለአክሲዮን ስለ ትርፍ ድርሻ ይጠይቃል። ስለነዚያ ቁጥሮች የሚጠይቅ ግን አይገኝም። ይሁንና በዓለም የመኪና ገበያ ከታዩት ትላልቅ ኪሳራዎች አንዳንዶቹ የመነጩት ከእነሱ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ ወደ አሮጌው ሞተር መመለስ ይረዳል። በካርቡሬተር ዘመን መካኒኩ ካቻቪቴውን ይዞ፣ ጆሮውን ወደ ሞተሩ አዘንብሎ ቤንዚኑንና አየሩን ያመጣጥን ነበር። የጀርመኑ ቦሽ እ.ኤ.አ. በ1979 ሞትሮኒክ የተባለውን ዲጂታል መቆጣጠሪያ በቢኤምደብሊው 732 ላይ ካስገባ ወዲህ ያ ጥበብ ከመካኒኩ እጅ እየወጣ ሄደ። ዛሬ ምን ያህል ነዳጅ፣ በየትኛዋ ቅጽበት፣ በምን ግፊት እንደሚረጭ የሚወስነው ኮምፒዩተሩ ነው። ኮምፒዩተሩ ደግሞ ከራሱ የሚያመነጨው እውቀት የለውም፤ የሚያየው ሠንጠረዥ ነው። ሞተሩ በደቂቃ ይህን ያህል ሲዞር፣ ሹፌሩ ይህን ያህል ሲረግጥ፣ አየሩ ይህን ያህል ሲቀዘቅዝ እንዲህ አድርግ የሚሉ ቁጥሮች በዘመናዊ ሞተር ላይ በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ። እነዚህን ለክቶ፣ መርጦና አስተካክሎ ማስገባት ካሊብሬሽን ይባላል። አንድ ዓይነት ሞተር ለሁለት የተለያዩ ገበያዎች ሁለት ጠባይ ይዞ የሚወጣውም በዚሁ ሥራ ነው።

ሥራው በአብዛኛው የሚሠራው መፈተኛ መድረክ ላይ ነው። ሞተሩ ከወለሉ ጋር በብሎን ይታሰራል። ጎማ በማዞር ፈንታ ከአንድ ትልቅ የኤሌክትሪክ ማሽን ጋር ይጋጠማል፤ ማሽኑ አንዴ ዳገት፣ አንዴ ሜዳ እየሆነ ጭነት ይሰጠዋል። ጭሱ በቧንቧ ወደ መመርመሪያ ይሄዳል። ሙቀቱ፣ ግፊቱ፣ የነዳጁ ፍጆታ በየቅጽበቱ ይመዘገባል። እ.ኤ.አ. በ1948 በኦስትሪያ ግራዝ ከተማ የተመሠረተው ኤቪኤል በእንዲህ ያለው መድረክ ስሙን ተክሏል። ወደ ኮምፒዩተሩ ሆድ የሚገባውን መሣሪያና ሶፍትዌር በማቅረብ የታወቁት ደግሞ ሁለት የሽቱትጋርት ኩባንያዎች ናቸው፤ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1994 የተቋቋመው የቦሽ ንብረት የሆነው ኢታስ፣ ሌላው ቬክተር። እነዚህ ስሞች በአክሲዮን ደላሎች አፍ ብዙ አይሰሙም። ነገር ግን ያለእነሱ መሣሪያ ለገበያ የበቃ የአውሮፓ መኪና ማግኘት ይከብዳል።

አስቸጋሪው ፍጥነቱ ነው። በደቂቃ 6,000 ጊዜ የሚዞር ሞተር አንዱን ዙር የሚጨርሰው በሰከንድ አንድ መቶኛ ነው። ባለ አራት ሲሊንደር ከሆነ በዚያች ቅጽበት ሁለት ጊዜ ያቀጣጥላል። ለእያንዳንዱ ለውጥ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ቁጥሩን ጽፎ፣ እንደገና አስነሥቶ መለካት ዕድሜ ይፈጃል። ስለዚህ ለኮምፒዩተሩ ሁለት ገጽ ያለው ማስታወሻ ይሰጠዋል። አንደኛው ገጽ የማይነካው ነባሩ ቁጥር ነው። ሁለተኛው መሐንዲሱ ሞተሩ እያጓራ የሚያርመው የሥራ ገጽ ነው። በአንዲት ጠቅታ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል፣ የጭሱንና የጉልበቱን ለውጥ እዚያው ስክሪኑ ላይ ያያል፣ ካልወደደው ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2003 ኤክስሲፒ የተባለው የመነጋገሪያ ደንብ ከወጣ ወዲህ የአንዱ ኩባንያ መሣሪያ ከሌላው ኮምፒዩተር ጋር መግባባት ቀሎታል።

እዚህ ላይ ነው የምጣኔ ሀብቱ ጉዳይ የሚመጣው። የናፍጣ ሞተር በከፍተኛ ሙቀት ሲያቃጥል ነዳጅ ይቆጥባል፣ ጉልበትም ይሰጣል፤ ነገር ግን ሳምባ የሚጎዳው ናይትሮጅን ኦክሳይድ ይበዛበታል። ሙቀቱ እንዲቀንስ ሲደረግ ጋዙ ይቀንሳል፣ በዚያው መጠን ጥላሸቱ ይጨምራል፣ የጭስ ማጣሪያው ቶሎ ይደፈናል፣ የነዳጁም ወጪ ከፍ ይላል። አንዱ ሲገኝ ሌላው ይከፈላል። ሐቀኛ መሐንዲስ ሁሉንም የሚያስማማ ቁጥር ፍለጋ ወራት ያሳልፋል። ሐቀኛ ያልሆነ አለቃ ደግሞ ሁለት ዓይነት ቁጥር እንዲጻፍ ያዛል፤ አንዱ ለፈታኙ፣ ሌላው ለገዢው።

ሁለት ዓይነት ቁጥር የሚያዋጣው ፈተናው ቀድሞ የታወቀ ስለሆነ ነው። በአውሮፓ ለረጅም ዓመታት ሲሠራበት የኖረው ፈተና 1,180 ሰከንድ ይፈጅ ነበር፤ ርዝመቱ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በየሰከንዱ የሚነዳበት ፍጥነትም ተጽፎ የተቀመጠ። ተማሪው ጥያቄውን ብቻ ሳይሆን የጥያቄውን ተራ ጭምር ያውቃል። መድረክ ላይ የቆመ መኪና ደግሞ ጎማው ይዞራል እንጂ መሪው አይዞርም። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ሴፕቴምበር 18 ቀን 2015 ባወጣው የክስ ማስታወቂያ እንደገለጸው፣ የቮልክስዋገን ሶፍትዌር የመሪውን አቀማመጥ፣ ፍጥነቱን፣ ሞተሩ የሠራበትን ጊዜና የአየር ግፊቱን እያየ ፈተና ላይ መሆኑን ይለይ ነበር። ከፈተናው ሲወጣ የሚለቀው ናይትሮጅን ኦክሳይድ ከሕጉ እስከ 40 እጥፍ ይደርሳል። በዓለም ላይ ሶፍትዌሩ የተጫነባቸው መኪኖች 11 ሚሊዮን ያህል ነበሩ።

ለአክሲዮን ገዢ ግን ከማጭበርበሩ ይልቅ ሊያስገርመው የሚገባው የቀኑ አቆጣጠር ነው። የዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የመለኪያ መሣሪያቸውን በመኪና ላይ ጭነው፣ አንዱን መኪና ከሎስ አንጀለስ እስከ ሲያትል ነድተው ውጤታቸውን ያሳተሙት በሜይ 2014 ነው። በአንደኛው መኪና ላይ የተለካው ጋዝ ከሕጉ ከ15 እስከ 35 እጥፍ ነበር። በእርግጥ ሪፖርቱ መኪኖቹን በስማቸው አልጠራም፤ በፊደል ነው የለያቸው። ቢሆንም የታተመ፣ ማንም ሊያነበው የሚችል ሰነድ ነበር። ከ10 ወር በኋላ፣ በማርች 2015፣ የቮልክስዋገን አክሲዮን ከ250 ዩሮ በላይ ተሸጠ! የትርፍና ኪሳራ መግለጫውን መስመር በመስመር የሚያገላብጡ ተንታኞች ያንን ሪፖርት የከፈቱት አይመስልም።

ዕዳው በየዓመቱ ሲከፈል ቆየ። በ2016 በአሜሪካ እስከ 14.7 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ ስምምነት፣ በ2017 ጥፋተኛነቱን አምኖ 4.3 ቢሊዮን ዶላር ቅጣት፤ ጠቅላላ ወጪው ከ30 ቢሊዮን ዩሮ አልፏል። ኮምፒዩተሩን የሠራው ቦሽ በ2019 በጀርመን 90 ሚሊዮን ዩሮ ተቀጣ። ኢንጂነሮቹን ያቀረበው አይኤቪ የተባለው የበርሊን ኩባንያ በ2018 ጥፋቱን አምኖ 35 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። አራት የቀድሞ የቮልክስዋገን ሰዎች በሜይ 2025 በብራውንሽቫይግ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ሲባሉ ሁለቱ እስራት ተፈርዶባቸዋል።

ገበያው ሳያውቅ ተያዘ እንዳይባል ቀዳሚ ታሪክ ነበረ። በ1998 ካተርፒላር፣ ከሚንስና ቮልቮን ጨምሮ ሰባት የከባድ ናፍጣ ሞተር ሠሪዎች በ1.3 ሚሊዮን ሞተሮች ላይ ተመሳሳይ ነገር አድርጋችኋል ተብለው ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በ1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተስማምተዋል። ከእነዚያው አንዱ የሆነው ከሚንስ ከ25 ዓመት በኋላ፣ በዲሴምበር 2023፣ በፒክአፕ መኪና ሞተሮች ምክንያት 1.675 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ ጥፋት መሥራቱን ግን አላመነም። የባለአክሲዮን ትዝታ ከአንድ የትርፍ ክፍፍል እስከሚቀጥለው ድረስ ብቻ ነው የሚሉ ሰዎች ያጋነኑ አይመስልም።

የአዲስ አበባ ነጋዴ «ይህ የፈረንጅ ጣጣ ነው» ሊል ይችላል። ጃንዋሪ 29 ቀን 2024 ከጃፓን የተሰማው ግን ወደ ቤቱ የቀረበ ነው። ቶዮታ ኢንዱስትሪስ የሚሠራቸው ሦስት የናፍጣ ሞተሮች ለጉልበት መለኪያ ፈተና ሲቀርቡ ኮምፒዩተራቸው ላይ የተጫነው ሶፍትዌር ለገበያ ከሚወጣው የተለየ እንደነበር ይፋ ሆነ። የተፈለገው የመለኪያው ውጤት ከፍ ዝቅ ሳይል ለስላሳ መስሎ እንዲታይ ነው። ሞተሮቹ ከተገጠሙባቸው አሥር የመኪና ዓይነቶች መካከል ላንድክሩዘር 300፣ ሃይሉክስና ሃይስ ይገኛሉ። ቶዮታ ለጊዜው መኪኖቹን መላክ አቆመ፤ ለሽያጭ የሚመረቱት ሞተሮች ደረጃውን እንደሚያሟሉ መርምሮ ማረጋገጡንና ባለቤቶች መንዳታቸውን መተው እንደማያስፈልጋቸውም ገለጸ። በሚዛን ሲታይ ይህ ከቮልክስዋገን ጥፋት ጋር አንድ አይደለም። ሳምባ የሚጎዳ ጋዝ አልተደበቀም፣ ገዢም ጉልበት አልተሰረቀበትም። ነገር ግን የፈተና ወረቀት የሚመሰክረው ለተፈተነው ኮምፒዩተር እንጂ ለተሸጠው እንዳልሆነ፣ ያውም በአስተማማኝነት ከሚወደስ ስም ጀርባ፣ አሳይቷል።

ሌላም የማይነሣ ነገር አለ፤ ከፍታ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ትበልጣለች። እዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው አራት እጅ ሦስት እጅ ያህል ነው። ሞተር የሚያገኘው አየር ሲሳሳ ኮምፒዩተሩ የሚከፍተው ሌላ ሠንጠረዥ መኖር አለበት፤ ያንን ሠንጠረዥ በደንብ ለመሙላት ኩባንያዎች ሞተሩን ተራራ ላይ ያወጡታል ወይም ግፊቱ በሚቀነስ ክፍል ውስጥ ይፈትኑታል። ከቅሌቱ በኋላ፣ ከ2017 ጀምሮ፣ አውሮፓ መኪኖች መንገድ ላይ ጭምር እንዲለኩ አዟል። የዚያ ሕግ ጣሪያ ግን 1,300 ሜትር ነው። ከዚያ በላይ ሞተሩ ምን ያህል ጋዝ እንደሚለቅ በፈተናው የሚጠየቅ የለም። ስለዚህ «ዩሮ 6» የሚለው ጽሑፍ ለሚላን ነዋሪ የተሰጠ ተስፋ ነው፤ ለመርካቶ ነዋሪ የተሰጠ ተስፋ አይደለም። አስመጪ በዚህ ጽሑፍ ተጨማሪ ዋጋ ሲጠይቅ ይህን ማስታወስ አይከፋም።

በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ጉዳዩ ያለፈበት የሚመስለው ሰው ይኖራል። የኤሌክትሪክ መኪና ግን ከሞተር መቆጣጠሪያው እስከ ባትሪው ድረስ በዚሁ መንገድ በተሞሉ ቁጥሮች ይመራል። በአንድ ቻርጅ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ይሄዳል የሚባለውም ከመፈተኛ ሮለር የተገኘ ነው። በቻይናው ፈተና አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሲበዛ 114። በአውሮፓው ግን አማካዩ 46 አካባቢ፣ ከፍተኛው 131 ነው። በዚህ ምክንያት የቻይናው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ብሎ ይወጣል። የማሳያ አዳራሽ መስታወት ላይ የተለጠፈው ቁጥር የትኛው እንደሆነ ሳይጠይቅ ቀብድ የሚከፍል ሰው፣ የሚገዛው የቦሌን መንገድ ነው ወይስ የአዳማን ፈጣን መንገድ?

እጅ በእጅ የሚዘዋወሩትን የነዳጅ መኪኖች በተመለከተ ደላሎች ሊጠቀሙበት የሚችሉት ርካሽ ዘዴ አለ። በአዳዲስ ሞተሮች ላይ ኮምፒዩተሩ ሁለት ቁጥሮችን ይናገራል፤ አንዱ የካሊብሬሽኑ መለያ፣ ሁለተኛው ይዘቱ ተነክቶ እንደሆነ የሚያሳይ ማረጋገጫ ነው። ብዙ ጋራዦች ባላቸው ተራ የስህተት ማንበቢያ መሣሪያ ሊወጡ ይችላሉ። ካሊፎርኒያ ከጁላይ 2021 ጀምሮ በየሁለት ዓመቱ በሚደረገው የጭስ ምርመራ ይህን እያየች፣ ጉልበት ለመጨመር ሲባል ሶፍትዌራቸው የተለወጠ መኪኖችን ትጥላለች። ዘዴው የፋብሪካውን የራሱን ተንኮል አይገልጥም፤ የቮልክስዋገን መኪኖች በዚህ ቢፈተሹ ኖሮ ያለ አንዳች ነቀፋ ያልፉ ነበር። የጎረቤት ጋራዥ በላፕቶፕ የነካካውን ግን ይይዛል። በሽያጭ ውሉ ላይ ከሻንሲና ከሞተር ቁጥር ቀጥሎ እነዚህን ሁለቱን ለመጻፍ የሚያስፈልገው አንድ ተጨማሪ መስመር ነው።