«ማን ነህ?» ማለት ነውር አይደለም



ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የብዙዎቻችን ገንዘብ ከኪስ ወጥቶ በስልክ ውስጥ አድሯል፤ ሌባውም ዱካውን ተከትሎ ገብቷል። ባለፈው ወር አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ከባንክ ነው የምደውለው» ላለው ጨዋ ድምፅ፣ በመልእክት የደረሰውን የምስጢር ቁጥር በትሕትና አንብቦለት የወር ደመወዙን አጣ። ይህ ሞኝነት አይደለም፤ ከመሥሪያ ቤት ለመጣ ጥያቄ ሁሉ ሳያመነቱ መልስ መስጠት ልማድ ስለ ሆነብን ነው።

የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አጭበርባሪውን ይቀጣል፤ ነገር ግን ሕጉ የሚደርሰው ገንዘቡ ከሄደ በኋላ ነው። ባንክ የላከውን ቁጥር ራሱ ያውቀዋልና መልሶ አይጠይቀንም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጠያቂ ሲመጣ ስልኩን ዘግተን፣ ቀድሞ በምናውቀው ቁጥር ራሳችን ደውለን እናጣራ።

እኛ መምህራንም ልጆችን «ታላቅ ሲጠይቅ ቶሎ መልስ» እያልን አሳድገናል፤ እንግዲህ «ማን ነህ?» ማለትንም እናስተምር።

አንድ መምህር
ከአዲስ አበባ