«አጥንቱ እየገጠመ ነው» አንበል



ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ በየሰፈራችን ለማጽናኛ የሚነገር አንድ ቃል ነው። እጁ የታሠረ ልጅ ሌሊት ሲያለቅስ «አይዞህ፣ አጥንቱ እየገጠመ ነው» እንለዋለን። ከአራት ዓመት በፊት ለእህቴ ልጅ እኔም ይህንኑ ብዬዋለሁ። ከዛፍ ወድቆ ቀኝ ክንዱ ከክርኑ በላይ ተሰብሮ ነበር። ወጌሻ አሽቶ በቀርከሃ ጥብቅ አድርጎ አሠረው። በሦስተኛው ቀን ሆስፒታል ስናደርሰው ጣቶቹ ጠቁረዋል። ነፍሱ ተረፈች፤ እጁ ግን ተቆረጠ።

የተሰበረ ክንድ ያብጣል። ማሰሪያው አላፈናፍን ሲለው እብጠቱ የደም ሥሮቹን ይጫናል። ደም ያጣ ጡንቻ ደግሞ ከ6 ሰዓት ያህል በላይ አይታገሥም። እኛ የጠበቅነው ሦስት ቀን ነው።

ስለዚህ ሐኪም ያስፈልገው እንደሆነ በለቅሶው አንመዝን፤ ጣቶቹን እንይ። ከታሠረ በኋላ ሕመሙ ከባሰበት፣ ጣቶቹን ቀስ ብለን ስናቃናለት ከጮኸ፣ ከቀዘቀዙ፣ ከገረጡ ወይም ከደነዘዙ ማሰሪያው ወዲያው ይፈታ፤ ልጁም ሳይነጋ ሆስፒታል ይወሰድ። ዝም ማለቱም አያዘናጋን፤ እጁ ደንዝዞ ሊሆን ይችላል። ክንዱ ከተጣመመ ወይም ስብራቱ ላይ ቁስል ካለ ደግሞ ከነጭራሹ አይታሽ። ባለበት አኳኋን ደግፎ ራጅ ወዳለበት መውሰድ ነው።

ወጌሾችን ለማውገዝ አልተነሣሁም። ሆስፒታሉ ሩቅ ነው፤ ወጌሻው ግን ጎረቤታችን ነው፤ ነገም የምንጠራው እሱን ነው። በጉራጌ የአጣጥ ሆስፒታል ለአካባቢው ወጌሾች የአንድ ቀን ሥልጠና ከተሰጠ በኋላ፣ በጠበቀ ማሰሪያ ሰበብ የሚቆረጠው እጅና እግር ቀንሷል። አንድ ቀን ብቻ! ታዲያ ሌሎች ወረዳዎች ምን ይጠብቃሉ? የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችስ ቤት ለቤት ሲዞሩ የጣቶቹን ምልክት ለእናቶች ቢያሳዩ ምን ይከብዳል?

የእህቴ ልጅ ዛሬ በግራ እጁ ይጽፋል። ያን ሌሊት «እጄን ፍቱልኝ» እያለ ለምኖን ነበር። የሚያስፈልገውን ያወቀው እሱ ነበር፤ ያልሰማነው እኛ ትልልቆቹ ነን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ መምህር፣ ከፍኖተ ሰላም